የእትዬ ስለት በእናቴ እግር

ካርቶኑን በምላጭ ስቀደው መጀመሪያ የሚመታኝ ሽታው ነው። አዲስ ከፋይ፣ ሙጫ፣ ከዚያ ደግሞ የወርቃማው ዘርፍ ሽታ፤ ሳንቲም አፍ ውስጥ እንደመያዝ ያለ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ የስለት ጃንጥላ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ከተማ አስመጣለሁ። ቀዩ ቶሎ ያልቃል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሐምራዊውን ለምን እንደሚልኩልኝ እስካሁን አልገባኝም። ስሜን የሚያውቅ እንግዳ ሱቄ ሲገባ ፈገግ ይላል፤ እስላም የማርያምን ጃንጥላ ሲሸጥ አይቶ። "ሐይቅ ነው ያለኸው፤ ካልገዛህ በሩን ልቀቅ" እለዋለሁ።

ተሳላሚ ሁሉ ይከራከረኛል። ለማርያም የሚገባ ነገር ስለሆነ ቀንስ ይለኛል። ለማርያም ከሆነ ለምን ትከራከራለህ እለዋለሁ። እንዲህ ተባብለን እንስማማለን። አንዳንዴ ግን ቀዩን ለገዢ ላሳይ ስዘረጋው፣ ፀሐይዋ በከፋዩ አልፋ እጄ ላይ ቀይ ሆና ስታርፍ፣ መከራከሬን እረሳለሁ። ገዢው ዋጋ ልጨምር የማስብ ይመስለዋል። እኔ ግን እናቴን ነው የማየው። ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ ወደ ውጫሌ ስትሄድ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

አንድ ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ባላቸው በወጣትነታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። እናቴን "አንቺ"፣ እሳቸውን "አንቱ" እል ነበር። እናቴን ስለናቅሁ አይደለም። እናቴ ጫማ ስትወረውር ትስታለች፤ እትዬ አይስቱም።

እሳቸው ቤት መደርደሪያ ላይ ለእኛ ለብቻው የተቀመጠ ድስት ነበር። በፋሲካ ለራሳቸው በግ ሲያሳርዱ፣ ለእኛ ዶሮ በእስላም እጅ አሳርደው በዚያ ድስት ይሠሩልን ነበር። እናቴም ለኢድ እንደዚያው። ልጅ ሆኜ ሁለት ሃይማኖት ማለት ሁለት ድስት ማለት ይመስለኝ ነበር። ሌላ ልዩነት አላየሁም።

ግድግዳው ጭቃ ነበር፤ ጭድ ያልበዛበት፣ ድምፅ የሚያሳልፍ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ በእሱ በኩል ይጨዋወቱ ነበር።

"እቴ፣ ተነሣሽ?" ይላሉ እትዬ።

"ተነሥቻለሁ እቴ። ጉልበትሽስ?"

"እሱ አልተነሣም። እኔ ነኝ የተነሣሁት።"

አሁን ያ ግድግዳ ብሎኬት ሆኗል። እኔው ነኝ ያስገነባሁት። ጥሩ ብሎኬት ነው፤ ምንም አያሳልፍም።

እህቴ ወደ አረብ አገር የሄደችው የሰፈራችን ልጃገረዶች ሁሉ በሚሄዱበት ጊዜ ነው። እትዬ ናቸው ፀጉሯን የሠሯት፤ እናቴ ናት ቁርአን ያስቀራችላት። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። እናቴ ስልኩን ከግድግዳው ጋር ታስጠጋውና እትዬም በዚያ በኩል ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አንድ ወር ዝም ሲል "ሥራ በዝቶባት ነው" አልን። ዝምታው ሲረዝም የምንለው ነገር አለቀብን።

እናቴ ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረች። ሶላት ጨርሳ እጆቿን ዘርግታ የምትቆይበት ጊዜ ረዘመ። "ያረቢ፣ ከሰው አገር አውጣልኝ" ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እትዬ ገና ሳይነጋ ቆመው ይጸልያሉ። አንድ ማለዳ እናቴ ለሱብሒ ሶላት ተነሥታ ውዱእ ስታደርግ ድምፃቸውን ሰማችው፤ እኔም ከመኝታዬ ሰማሁት።

"እመቤቴ፣ ልጄን በሰላም ብታመጫት፣ በእግሬ ግሸን መጥቼ ጃንጥላ አገባልሻለሁ። ከደጄ እስከ ደጅሽ በእግሬ።"

ልጄን ነው ያሉት። እናቴ የውዱእ ማሰሮዋን ይዛ ቆመች።  ስለት በሰው ጆሮ መግባቱን ለተሳለው ሰው መንገር ነውር ነው ብላ ታምን ነበር።

እህቴ መጣች። አንድ ረፋድ ባጃጅ ከደጃችን ቆመና ከውስጡ ፌስታል የያዘች ቀጭን ሴት ወረደች፤ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። እናቴና እትዬ ግራና ቀኝ ይዘዋት አለቀሱ። የባጃጁ ልጅ የትኛዋ እናት እንደሆነች ግራ ገብቶት "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሒሳቡን ማን ይሰጠኛል?" አለ። ሁለቱም እኔን አሳዩት።

ምን እንደደረሰባት አልነገረችንም። እትዬ "አትጠይቋት፣ ታብላ" አሉ፤ አልጠየቅናትም፤ አበላናት።

በዚያው ክረምት እትዬ ወደቁ። ጓሮ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ፣ እንስራ ተሸክመው። ወጌሻው ዳሌያቸውን ዳብሶ፣ አሽቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲነሣ ፊቱን ከእኛ አዞረ። ያቺ ቀጥ ያለች ሴት አልጋ ላይ ቀረች። እህቴ እሳቸው ቤት ገብታ ታጥባቸው፣ ታገላብጣቸው ጀመር። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ስታወራ የሰማኋት ያኔ ነው፤ "እትዬ፣ ወደዚህ ዘንበል በዪልኝ" ስትል። እሷ "አንቺ" ነበር የምትላቸው። እሷ ላይ ጫማ ወርውረው አያውቁማ።

ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። እትዬ እህል መቅመስ ተዉ። ዳሌው ነው ብለን ነበር። አልነበረም።

"እቴ፣ አልሄድኩም እኮ" አሏት እናቴን አንድ ቀን።

"አብሽሪ፣ ለከርሞ ትሄጃለሽ።"

"በየትኛው እግር? እመቤቴ ልጂቱን ሰጠችኝ፣ እኔ ተኝቻለሁ። መልሳ ብትወስድብኝስ?"

እህቴ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር። ባሳለች ቁጥር እትዬ ከትራሳቸው ቀና ይሉ ነበር። እናቴም፣ እስላሟ እናቴም፣ ሳሉን ስትሰማ እጇ ላይ የያዘችውን ታስቀምጥ ጀመር።

የንስሐ አባታቸው መጡ። ደግ ሰው ናቸው። "አልጋ ላይ ባለ ሰው እግዚአብሔር አይቆጥርም፤ ፈትቼሻለሁ" አሏቸው። እትዬ መስቀሉን ተሳለሙ፣ አመሰገኑ፣ ቄሱ ሲወጡ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"እሳቸው ፈቱኝ" አሉ። "እኔ ግን ቃል የገባሁት ለሳቸው አይደለም።"

በማግስቱ ምሳ ላይ እናቴ ጎርሳ፣ አላምጣ፣ ውሃ ጠጥታ፣ "መስከረም ላይ ግሸን እሄዳለሁ" አለች።

ያን ጊዜ እኔ የአውቶቡሱ መቆሚያ አጠገብ ሸራ ዘርግቼ የላስቲክ ጫማ የምሸጥ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዓለምን ሁሉ ያወቅሁ ይመስለኛል። "ልትጠመቂ ነው?" አልኳት።

"አፍህን ያዝ! የሷን ስለት ላደርስላት ነው።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል? እስላሟ ለጎረቤቷ ተላከች ይላል። ሳሙና ሲያልቅባት አልተላክሁላትም? ወፍጮ አልተላክሁላትም?"

"እማ፣ ይኼ ወፍጮ ነው?"

"ልዩነቱ ወፍጮ ቅርብ መሆኑ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሼኹን ጠይቄያለሁ" አለች። "የጎረቤት አደራ አማና ነው፣ አድርሽ፤ ስግደትሽን ግን ለአላህ ብቻ አሉኝ። እኔ ደግሞ ለማን ልሰግድ ነበር አልኳቸው። ሳቁ።"

የቀረኝ መከራከሪያ አቅሟ ነበር። እሱንም ሳልናገር "አንተም ትሄዳለህ" አለችኝ። "ጫማህ አይሰረቅም፤ ማንም አይገዛህም፣ ማን ይሰርቅሃል?"

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ትምህርት ነበር። እትዬ ተኝተው መንገዱን ያስተምሯታል፤ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር፣ በኋላም ብቻቸውን ደጋግመው በእግራቸው የሄዱበትን። እናቴ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ትደግማለች።

"ከውጫሌ አልፈሽ ወደ ግራ ስትገቢ ዋርካ አለ። ጥላው ሸጋ ነው፣ ግን እንዳትቀመጪ።"

"ጂን አለው?"

"ጉንዳን አለው። ከሱ ወዲያ ምንጭ ታገኛለሽ፤ ሁለት ነው። የላይኛውን ጠጪ፣ የታችኛው የከብት ነው። ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ወንዝ። ወንዙን ሲሻገሩ ጫማ አይወልቅም፣ ድንጋዩ ስለት ነው። አቀበቱ ላይ አታውሪ።"

"ለምን?"

"ትንፋሽ ያልቃል። አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም።"

"ያንቺስ? ዳሌሽ ተሰብሮ አፍሽ መች ተሰበረ!"

እህቴ በር ላይ ተቀምጣ የሽሮ አተር ስትለቅም ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ጠጋ ስል፣ እየሳቀች ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ማለዳ ወጣን። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና አልተነሣም፤ አፈሩ ዝናቡን ጠግቦ ይሸታል፣ ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል። እትዬ ያስገዙት ቀይ ጃንጥላ ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው ቆዩና ለእናቴ ሰጧት። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ አዘለችው። ከሸራዬ ላይ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ መርጣ አጥልቃለች። የምሸጠው ዕቃ ጥንካሬ የተፈተነው በዚያ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ስለ ጥራት ሲጠይቀኝ "ግሸን ደርሶ ተመልሷል" እል ነበር። አልዋሸሁም።

አስፋልቱ ላይ ተሳላሚ የጫኑ መኪኖች እየዘመሩ ያልፉናል። ጫፋቸው እንኳ ሳይታይ ዝማሬው ይደርሳል፣ ካለፉም በኋላ ከኩርባው ወዲያ ይቆያል። አንድ አይሱዙ ቀስ አለና ረዳቱ በጎን ተንጠልጥሎ "እናት፣ ውጡ! በነጻ ነው! ለማርያም!" አለ።

በነጻ የሚለው ቃል እኔ ላይ የሚያደርገውን ታውቃለህ። "እማ፣ እስከ ውጫሌ ብቻ" አልኳት። "እውነተኛው መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።"

"ከደጄ ብላለች እኮ።"

"ማን ያየናል?"

"ማየቱን ተወው። ስመለስ መንገዱን አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?"

"ዋሺያት።"

"ዋርካውን እንዴት እዋሽልሃለሁ? እሷ ታውቀዋለች።"

ለረዳቱ እጇን አነሣችለት፤ "አላህ ይስጥልኝ ልጄ፣ ሂዱ" አለችው። ልጁ አላህ የሚል የማርያም ተሳላሚ ሲያይ አፉን እንደከፈተ መኪናው ይዞት ሄደ።

ውጫሌ አድረን ወደ ግራ ገባን። ዋርካው ነበረ። ጉንዳኑም። ምንጮቹ ሁለት ነበሩ፤ እናቴ ከላይኛው ጠጥታ እጇን አበሰችና "ልክ ናት" አለች፤ እትዬ በዚያ ሰዓት ሐይቅ ላይ ተኝተው የሚሰሟት ይመስል። በየቦታው እንዲህ ትላለች። ወንዙ ጋ "ልክ ናት።" አቀበቱ ሥር "ልክ ናት፣ ይኼማ ይገድላል።"

ከአምባሰል ገጠር በእግር ከሚመጡ ሰዎች ጋር ተቀላቀልን። ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ነፋስ ሲነካው ሰው የሚያልፍበት ይመስላል። እናቴ የተባለችውን ምክር ረስታ አቀበቱን ሁሉ ስታወራ ስታስቃቸው ወጣች። ዙሁር ሲደርስ ከመንገዱ ወጣ ብላ ስትሰግድ፣ ሰዎቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር። አንዲት አሮጊት "ቀስ ብለሽ ስገጂ እናቴ፣ እኛም ትንሽ እንረፍ" አሏት። ቀስ ብላ ሰገደችላቸው።

ሌሊቱን በየሰው ደጅ እያደርን፣ ባንዱ ቀን ፀሐይ ባንዱ ቀን ዝናብ እየመታን፣ የተራራው ጫፍ ደረስን። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ጋ ሲሆን እናቴ ቆመች። "ከዚህ ወዲያ የኔ አይደለም" አለች። የኮንጎዋ ተረከዝ ተቀዷል፤ ጣቷ በቀዳዳው ወጥቶ ደም አቅርሯል። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። የጧፍ ሰም፣ የእርጥብ ጋቢ፣ የላብ ሽታ ይነፍሳል። በሩ አጠገብ ስለት የሚቀበሉ ቄስ ቆመዋል፤ የሰጪውን ስም እየጠየቁ ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ቀጣይ።

ተራችን ደረሰ። እናቴ ጃንጥላውን ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"የክርስትና ስም?"

እናቴ የእትዬን ስም ነገረቻቸው።

"እሱ የዓለም ስማቸው ነው። የክርስትና ስማቸውን።"

እናቴ ቄሱን ትታ እኔን አየችኝ። የዚያችን ሴት የጉልበት ሕመም ታውቃለች፤ የጠሉትን ወጥ፣ ያዩትን ሕልም፣ ባላቸው የሞቱ ቀን የለበሱትን ቀሚስ ታውቃለች። ማሰሮ ተዋውሰው፣ ለቅሶ አብረው ተቀምጠው ኖረዋል። በክርስትና ስማቸው ግን በግድግዳው ጠርታቸው አታውቅም፤ ማንም በመንገድ አይጠራበትማ። እትዬ ዋርካውን ነገሯት፣ ጉንዳኑን ነገሯት፣ ምንጩን ከነላይና ታቹ ነገሯት። ስማቸውን መንገር ግን አላሰቡም። እሷም አልጠየቀችም።

"ወለተ ማርያም በያቸው" አልኩ በጆሮዋ። "ከዚህ ሁሉ ሰው ግማሹ ወለተ ማርያም ነው።"

በክርኗ መታችኝ። በዚያን ቀን አልሳተችም።

"አባ፣ አላውቀውም" አለች። "ጎረቤቴ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። ለልጄ ነው የተሳለችው፣ ልጄ ተመለሰችልኝ። አደራ ነው። በእግር ነው የተባለው፣ በእግር ነው የመጣሁት። ስሙን ግን አላውቀውም።"

ከኋላችን ያሉት "እንለፍ! ዝናብ መጣ!" ይላሉ። ቄሱ እናቴን አዩ። የሻሿን አጠማጠም አዩ። ከዚያ እግሯን አዩ፤ እሱን ረዘም አድርገው።

"እንግዲያው ያንቺን ስም ንገሪኝ።"

"እኔማ እስላም ነኝ አባ።"

"ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ እናቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ነገረቻቸው። ቄሱ ጃንጥላውን ከፍ አድርገው፣ ከነወለተ ማርያም ከነወልደ ሚካኤል መሐል፣ የእናቴን ስም እንዳለ ጠሩት። አንዳንድ ሰው ዞሮ አየ። ከዚያ ሕዝቡ ለሌላው ሁሉ እንዳለው፣ እልል አለ።

እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ግን አለቀሰች። በአውቶቡስ ነው የተመለስነው፤ "መሄጃውን እንጂ መመለሻውን ማንም አልተሳለም" ብላ በራሷ ፈቅዳ። በመስኮቱ እያየች እስከ ሐይቅ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ ያለችው፤ "ስለቷን በኔ ስም አስገባሁት። ምን ብዬ ልግባ?"

ስንደርስ እህቴ እሳቸው ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

"ንገሪኝ" አሉ። እንኳን ደህና መጣሽ አላሉም።

እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከደጃችን ጀመረች። ጭጋጉን፣ አይሱዙውን፣ ዋርካውን ነገረቻቸው። "ጉንዳኑ አለ?" "አለ።" ምንጩን፣ ወንዙን ነገረቻቸው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀስ ነበር። የቅጥሩ በር ላይ ስትደርስ እናቴ ቆመች።

"ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ!"

"እቴ፣ ስምሽን ጠየቁኝ።"

"እ?"

"አላወቅሁትም። የኔን ሰጠሁ። በኔ ስም ነው እልል የተባለው።"

እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው ጣራውን አዩ። እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ፤ ጫማ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም። ከዚያ ሆዳቸው መርገብገብ ጀመረ። ሳቁ። ዳሌያቸው እያመማቸው፣ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያሉ፣ እንባቸው ወደ ጆሯቸው እየወረደ ሳቁ።

"አንቺ ጉደኛ! ይህን ሁሉ ዘመን ኖረሽ ስሜን አታውቂውም?"

"መች ነገርሽኝ!"

"መች ጠየቅሽኝ!"

"ጉንዳን ስትቆጥሪ ስምሽን ትረሻለሽ?"

ተጨቃጨቁ። በሕይወቴ ከሰማሁት ጭቅጭቅ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ሲደክማቸው እትዬ የእናቴን እግር አዩ፤ ጣቷን በቀዳዳው ውስጥ። "የልጂቱ እናት ስም ነው የተጠራው" አሉ። "እመቤቴ የማንን ልጅ እንደመለሰች ታውቃለች። እኔ ምን ቀረኝ?" ከዚያ እህቴን "የሚቀመስ አለ?" ብለው ጠየቁ።

እህቴ ሮጠች። ሽሮውን አንተክትካ ስታበላቸው፣ እትዬ እናቴን በጣታቸው ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ተናገሩ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ስማቸው እንደሆነ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ በበጋው፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ መንገዱ ይነገራል። "እቴ፣ እስኪ ውሰጂኝ" ይላሉ እትዬ። እናቴ የአስር ሶላቷን ሰግዳ ትገባና ከደጃችን ትጀምራለች። አንዳንዴ ውጫሌ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ አንዳንዴ እናቴ ስትሳሳት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሟታል። "ወንዙ ከቁልቁለቱ በኋላ ነው።" እህቴ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ሸራዬን ጠቅልዬ ስገባ የእናቴ ድምፅ በግድግዳው በኩል ቤታችን ድረስ ይሰማል። ብዙ ነገር አትርፌ አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት የመሰለ ግን የለኝም። አሁን ሱቄን ከሰዓት ላይ ዘግቼ ቤት ስገባ የሚሰማኝ የፍሪጁ ድምፅ ነው። እናቴም ከሄደች ሰነበተች፤ አንዷ በመስጊዱ በኩል፣ አንዷ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ናቸው። ያለ ጭቅጭቅ።

በዚያው በጋ አንድ ቀን ከሰዓት ገብቼ በእትዬ በር ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ አልጋው እግር ላይ አርፋለች። እናቴ ወንዙን እየተሻገረች ነበር፤ "ጫማ አላወለቅሁም፣ ድንጋዩ ስለት ነው።" እህቴ እንዝርቷን አስቀምጣ የእትዬን እጅ ይዛለች። ቀና ብላ እናቴን አየቻት፤ አፏን ከፈተች።

እናቴ መዳፏን አነሣችባት። ቆይ አለቻት በእጇ።

ድምፅዋን አልቀየረችም። አቀበቱን ወጣች። በማሽላው መሐል አለፈች። አሮጊቷ "ቀስ ብለሽ ስገጂ" ያሉበት ቦታ አረፈች፤ እትዬ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይስቁ ነበር፤ ለሳቃቸው የሚሆን ጊዜ ያህል ጠበቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ቀጠለች። ሰው መንገድ ላይ አይጣልም። የተራራውን ጫፍ ደረሰች። የሰሙንና የእርጥቡን ጋቢ ሽታ ነገረቻቸው። ቅጥሩ በር ላይ ቆመች።

"የክርስትና ስም? አሉኝ" አለች።

ጎንበስ ብላ የእትዬን ግንባር በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ከዚያ ስማቸውን፣ ያን በጆሮዋ የተሰጣትን፣ እንደ ቄሱ ጮክ ብላ ጠራችው።

ሰማሁት። አልነግርህም፤ አማና ነው።

እናቴ ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ወደ እህቴ ዞረችና፣ "ደርሳለች" አለቻት። "አሁን ጎረቤት ጥሪ።"